ገበታው ላይ የቀረችው ጠጠር

ጂን አየሁ፣ መንፈስ በስሜ ጠራኝ የሚል ሰው ሱቄ ሲመጣ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ «ባትሪ ግዛ» እለዋለሁ። ሮቤ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው የምሸጠው፣ አምፖል፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ እና እመኑኝ በዚህች ቀልድ ብዙ ባትሪ ሸጫለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ሱቁን ሲከፍት በዓይኑ ያላየውን ዕቃ አይረከብም ነበር፣ እኔም በዚያው መንገድ ነው የኖርኩት፣ ሶላቴን እሰግዳለሁ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ወሬ ለወሬኛ እተወዋለሁ። አሁን የምነግራችሁን መናገር ለራሴም ያሳፍረኛል፣ ግን ለማን ልንገረው፣ ሚስቴ ጉዳዩን እንዳታነሳብኝ ብላለች፣ ጓደኞቼ ደግሞ የራሴኑ ባትሪ መልሰው ይሸጡልኛል።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በነስሩ ነው። ነስሩ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አምና ስልክ ላይ ኦፓል ስለሚባለው የከበረ ድንጋይ ቪዲዮ አይቶ የድንጋይ ፍቅር ያዘው፣ ከዚያ በኋላ እሁድ ሲመጣ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ጎባ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር፣ ድሮ ጠጠር ይወጣበት የነበረ፣ አሁን ዛፍ ተተክሎበት መናፈሻ የሆነ ቦታ አለ። ወንዙ በክረምት ከላይ ከሰነቴ ተራራ እያንከባለለ የሚያመጣውን ድንጋይ እዚያ ያራግፈዋል፣ ቤተሰብ ይዞ ገብቶ በእጅ የለቀሙትን መውሰድ ይቻላል፣ መቆፈሪያ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። እሁድ እሁድ ስትሄዱ ስንቱ የተከበረ ሰው ምሳውን ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ አጎንብሶ ታገኙታላችሁ፣ ድንጋይ ካልረጠበ ቀለሙን አያሳይማ። ልጆቹ ደግሞ ምላሳቸውን ያስነካሉ፣ ኦፓል ምላስ ላይ ይጣበቃል ይላሉ፣ እውነትም ይጣበቃል፣ ለዚህ እኔው ምስክር ነኝ።

የምንሄደው አራት ሆነን ነበር፣ እኔ፣ ሚስቴ ሰሚራ፣ ነስሩና የስድስት ዓመቷ ልጄ ሂክማ። ስለ ሂክማ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህች ልጅ ከእኔ የማትለይ ልጅ ነች። ማታ ከሱቅ መጥቼ በሩን በቀለበቴ ሁለቴ ቆርቆር ሳደርግ ከሁሉ ቀድማ ሮጣ የምትከፍተው እሷ ነች፣ ሚኒባስ ላይ ከጭኔ ሌላ ወንበር አታውቅም፣ ሰሚራ «አምጬ የወለድኳትን ወሰድክብኝ» እያለች ትቀናለች፣ እኔም በዚህ ቅናት ደስ ይለኝ ነበር።

የመናፈሻው በር ላይ ያሉት ዘበኛ ኦቦ ቃሲም ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ፊደል አልቆጠሩም፣ ለቆጠረውም ብዙ ግምት የላቸውም። እዚያ ቦታ ጉም ሲወርድ የራስህን እጅ አታይም፣ ሰው መንገዱ ጠፍቶት ውስጥ ሊያድር ይችላል፣ ስለዚህ ሽማግሌው የራሳቸው አሠራር አላቸው። የሚገባ ሰው ሁሉ ከበሩ ውጭ ካለው ክምር አንዲት ጠጠር መርጦ እሳቸው አጠገብ ባለው የእንጨት ገበታ ላይ ያኖራል፣ ሲወጣ ያችኑ የራሱን ጠጠር ያነሳና «ወጥቻለሁ» ብሎ በቃሉ ተናግሮ ወደ ክምሩ ይመልሳታል። ገበታው ላይ ጠጠር ካለ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው፣ በሩ አይቆለፍም። «መዝገብ ይሳሳታል፣ ጠጠር አይሳሳትም» ይላሉ። ሂክማ የእኔን ጠጠር ራሷ ካልመረጠች አታስገባኝም ነበር።

ገበታው ግን መቼም ባዶ አይሆንም። ጥጉ ላይ የርግብ እንቁላል የምታክል፣ ወተት የመሰለች ነጭ ድንጋይ ሁልጊዜ አለች። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ኦቦ ቃሲም፣ ይቺስ የማን ነች?»

«የአንድ ሰው ናት። ገና አልወጣም።»

«መቼ ነው የገባው?»

«እኔ ሳልቀጠር። ከኔ በፊት የነበረው ዘበኛ ገበታውን ሲያስረክበኝ እሷም ላዩ ላይ ነበረች። እሱም ከሌላ ነው የተረከባት።»

«ታዲያ በሩን እንዴት ይቆልፋሉ?»

«ትልቁን እቆልፋለሁ። ትንሿን ለሱ እተዋታለሁ» አሉና ከትልቁ በር ጎን ያለችውን፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባትን የቆርቆሮ በር አሳዩኝ።

አላስቻለኝም፣ «ባትሪ ልላክለት?» አልኩ። ሰሚራ በክርኗ ጎሸመችኝ፣ እሷ የጎባ ልጅ ናት፣ በሽማግሌ ነገር መቀለድ አትወድም። ኦቦ ቃሲም አልተቆጡም፣ አልሳቁምም።

«መብራት ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ።

ያቺ እሁድ እንግዲህ እንደ ሌላው እሁድ ነበረች። ሂክማ ለእኔ ጎኗ የተሸረፈ ጥቁር ባልጩት መርጣ «የአባዬ ይቺ ናት፣ እንዳትጥላት» አለችኝና ገበታው ላይ አኖረችልኝ። ቀኑን ሙሉ ለቀምን፣ ነስሩ አንድም ነገር አላገኘም፣ ከጎናችን የነበሩት ቤተሰቦች አንዲት አረንጓዴ ነገር አግኝተው ሲጨፍሩ ፊቱ ጠቆረ። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሲቃረብ ጉሙ ከላይ መውረድ ጀመረ፣ ካፊያም ጣል ጣል አለ፣ ዕቃችንን ሰብስበን ወደ በሩ ስንመጣ ከእኛ በኋላ የቀረ ሰው አልነበረም።

ኦቦ ቃሲም ጀርባቸውን ሰጥተውን ለሶላት ውዱእ ያደርጋሉ። ሰሚራ ጠጠሯን አነሳች፣ ነስሩ አነሳ፣ ሂክማም አነሳች፣ ሦስቱም «ወጥቻለሁ» አሉ። ገበታው ላይ ሁለት ቀሩ፣ የእኔ ጥቁሯና ያቺ ነጯ። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ እርጥብ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር፣ ካፊያው ነክቷት ውስጧ ቀይና አረንጓዴ እሳት ሲሄድ ሲመጣ አየሁ። ለነስሩ ብዬ ነው ብላችሁ ውሸት ነው፣ ዓይኔ አረፈባት፣ ፈለግኳት፣ በቃ። ነጋዴ ነኝና ዘዴው ወዲያው መጣልኝ፣ ሽማግሌው የሚያዩት ቁጥር ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አንዲት ጠጠር ሁልጊዜ ትቀራለች፣ ዛሬም አንዲት ትቀራለች። ጥቁሯን በነጯ ቦታ ጥጉ ላይ አድርጌ፣ ነጯን አፌ ውስጥ ከተትኳት። ወዲያው ምላሴ ላይ ተጣበቀች፣ የወንዝ አፈር ጣዕም ነበራት።

«አንተስ ወጣህ?» አሉ ሽማግሌው ዞር ብለው።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በቃል ነው።»

አፌን በእጄ ይዤ ሳልኩ። ሰሚራ ምንም ያላወቀች «ጉንፋን ይዞት ነው ኦቦ» ብላ አወጣችኝ። ገበታቸውን አዩ፣ ጥጉ ላይ አንዲት ጠጠር አለች፣ «ነጋን ገላ» አሉን፣ በሰላም ግቡ ማለታቸው ነው። ሂክማ ግን እጄን አይታ ነበር፣ ገበታውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔን መታ መታ አድርጌ ጠራኋት፣ እናቷ ላይ ወጣች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላ መስኮት ዞራ «አባዬ ቀረ» አለች። ተሳፋሪው ሳቀ። ድንጋይዋን በመሐረብ ወደ ኪሴ አዛውሬ ስለነበር አፌ ነጻ ነው፣ «ሂክማዬ፣ ይኸው አለሁ አይደል» አልኳት። ዞራ አየችኝ፣ ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ የሚወጣ ሰው እንደምታይ አድርጋ አየችኝና መልሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፣ እሷ ግን እስከ ሮቤ ድረስ እጇን ታውለበልብ ነበር።

ልጅ ናት፣ ይረሳታል አልኩ። ድንጋይዋን ሱቄ ወስጄ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከተትኳትና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት፣ በማግሥቱ ስከፍት ውኃው የለም፣ ብርጭቆውም ድንጋይዋም ደረቅ ናቸው። ተንኖ ነው አልኩ። ሁለተኛ ሞላሁት፣ በማግሥቱ ያው። ከዚያ ደግሞ ድምፁ ጀመረ፣ የአስር ሶላት ገደማ ሲሆን ከሱቁ ጀርባ፣ ዕቃ ከማስቀምጥበት በኩል፣ ጠጠር እንጨት ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት ጧ የሚል ነገር፣ አንዴ ብቻ። አይጥ ነው አልኩ፣ ወጥመድም አኖርኩ። የምበላው ሁሉ የወንዝ አፈር አፈር ይለኝ ጀመር፣ ለዚህ እንኳ ምክንያት አላገኘሁለትም።

የባሰው ቤት ነበር። ሂክማ አትስቅም፣ ከእኔ ጋር አትበላም፣ ከሰዓት በኋላ ወደ መንገድ የሚያሳየው መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ረቡዕ ማታ መጥቼ በቀለበቴ ሁለቴ አንኳኳሁ፣ የሩጫዋን ድምፅ ጠበቅኩ፣ ሩጫ የለም፣ ቀስ ብላ መጥታ ከበሩ ማዶ ቆመች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ሂክማዬ።»

«አባዬ አልገባም» አለችኝ። «በኋላ ይምጡ።»

ይምጡ። ተወልዳ አንድ ቀን አንቱ ብላኝ አታውቅም። ወላሂ ሰው ሲዘርፈኝ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም፣ ልጄ ከቤቴ ደጅ እንደ እንግዳ መለሰችኝ። ሰሚራ መጥታ እስክትከፍትልኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ልጆቹ ሲተኙ ለሰሚራ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቅብኛለች ወይም ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ሁለቱንም አላደረገችም።

«የራስህንስ አላነሳህም?»

«አላነሳሁም።»

«ወጥቻለሁስ አላልክም?»

«አፌ ውስጥ ድንጋይ ነበረ ሰሚራ፣ ምን ብዬ ልናገር?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች። ከዚያ፣ «ከድር፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼህ ነው የምተኛው። ለምን እንደሆነ ለራሴም አላውቅም ነበር» አለችኝ። «ሂድና ያንን መልስ፣ ያንተን ይዘህ ና። ልጄ እንዲህ ሆና አትቀርም።»

ሐሙስ ሱቁን ዘግቼ ጎባ ሄድኩ። የሥራ ቀን ስለሆነ መናፈሻው ጭር ብሏል፣ ጉሙ ዛፎቹን ግማሽ ድረስ ውጧቸዋል፣ ኦቦ ቃሲም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከገበታቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ከመንገዱ በኩል ስመጣ ሲያዩኝ ብድግ አሉ፣ ያን ያህል ፈጥነው ሲነሱ አይቻቸው አላውቅም።

«አሸማ ኦቦ» አልኳቸው።

ሰላምታዬን አልመለሱም። «አንተ ከየት መጣህ?»

«ከሮቤ።»

«አሁን በዚህ አይደል የወጣኸው?»

ገበታውን አየሁት። ባዶ ነበር። ጥቁሯ የለችም፣ ጥጉ ላይ ድንጋይዋ ለብዙ ዘመን ተቀምጣ የሠራችው ክብ ምልክት ብቻ አለ።

«ቅድም ለአስር ሶላት ስዘጋጅ ትንሿ በር ተነካች» አሉ ሽማግሌው፣ ፊቴን አተኩረው እያዩ። «ጎንበስ ብለህ ወጣህ። ጭቃ እስከ ጉልበትህ፣ ከንፈርህ ደርቋል። ልጆቹ ወጡ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። እሁድ ነው የወጡት አልኩህ። አለቀስክ። ከዚያ ጥቁሯን አንስተህ ወጥቻለሁ አልክ፣ በቃልህ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። ወደ ክምሩ ጣላት ብልህ እንቢ አልክ፣ የመረጠችልኝ ልጄ ናት ብለህ ይዘሃት ሄድክ።»

«በየት በኩል?»

«የሮቤን ሚኒባስ ስትሳፈር አይቼሃለሁ።»

ነጯን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው፣ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡ። «ይቺን አልቀበልም። እሁድ ከገበታዬ ተነስታለች፣ ባለቤቷ ወጥቷል። የወጣ ሰው ጠጠር ገበታዬ ላይ አይመለስም።»

«ማነው የወጣው? ኦቦ ቃሲም፣ እሁድ የወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ከድር ነኝ።»

«እኔ ሰው እቆጥራለሁ እንጂ ሰው አልለይም» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ እንዲያውም ፊታቸው ላይ እፎይታ ነበር። ሄደው ትንሿን በር ዘጉና ከኪሳቸው አዲስ ቁልፍ አውጥተው ቆለፏት።

ስልኬ ባትሪው አልቆ ነበር፣ አዎ፣ ባትሪ ሻጩ፣ ሳቁ። የሳቸውን ትንሽ ስልክ ለምኜ የሰሚራን ቁጥር ደወልኩ።

«ሄሎ» አለች። ድምፅዋ ቀሎታል፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ አልሰማኋትም።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ልበል?»

«ከድር» አልኩ።

«ከድርን ነው? አለ፣ እግሩን እየታጠበ ነው። ቆይ ልጥራልህ።»

ከኋላዋ ሂክማ ትስቃለች። ያንን ሳቅ ከእሁድ ጀምሮ ናፍቄው ነበር፣ አሁን ስሰማው ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ከዚያ የሰው ሳል ተሰማ፣ ልክ እንደ እኔው ሳል ሁለቴ፣ እርጥብ እግር ሲሚንቶ ላይ ወደ ስልኩ ሲመጣ ተሰማኝ። ዘጋሁት። ድምፁን ለመስማት ወንድነቱ አልነበረኝም፣ ምን ልዋሻችሁ።

እንዴት ሮቤ እንደደረስኩ አላስታውስም። የመግሪብ አዛን እየተባለ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሜ በቀለበቴ ሁለቴ አንኳኳሁ፣ ሩጫ ተሰማ፣ ሂክማ ከፈተችና ጉልበቴ ላይ ተጠመጠመች። «ደግሞ የት ሄደህ ነው?» አለችኝ። አንተ አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ።

ሰሚራ ከጓዳ ፎጣ ይዛ ወጣች፣ «ስልክ ልሰጥህ ዞር ስል የት ገባህ? ደግሞ በባዶ እግርህ» እያለች እግሬን አየች፣ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ጫማዬ ደረቅና ንጹሕ ነው። ፎጣውን መልሳ አጠፈችው። ወለሉ ላይ የመታጠቢያ ሳፋው አለ፣ ውኃው ጭቃ ነው፣ ጣቴን ነከርኩ፣ ገና ለብ ያለ ነው። በሩ ሥር ጭቃ የበላው ጫማ ቆሟል፣ እግሬ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት፣ ቀኝ ተረከዙ በውጭ በኩል የተበላ፣ እኔ ስሄድ የምበላው በዚያ በኩል ነው። ቤቱን ሁሉ ፈተሽኩ፣ በባትሪ ፈተሽኩ፣ ማንም የለም። ነስሩን ጠየቅሁት፣ «አንተ አይደለህ እንዴ የመጣኸው?» አለኝ። ሂክማ መዳፏን ከፈተችልኝ፣ ጎኗ የተሸረፈችው ባልጩት ነበረች።

«ይዤልሽ መጣሁ ብለህ ሰጠኸኝ» አለችኝ።

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ መናፈሻው አልሄድንም፣ ነስሩም ድንጋይ ትቶ ኳስ ጀምሯል። ሰሚራ ያንን ጫማ አጥባ አንድ ቦታ አስቀምጣዋለች፣ የት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ማታ ግን ወደ እኔ ዞራ ትተኛለች። ነጯ መሳቢያዬ ውስጥ አለች፣ ውኃ ማድረጉን ትቻለሁ። የምበላው አሁንም አልፎ አልፎ አፈር አፈር ይለኛል። ሂክማ እንደ ድሮዋ ጭኔ ላይ ናት፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ ከልቤ ነው የምለው።

ግን ማታ ማታ ከሱቅ ስመጣ ከማንኳኳቴ በፊት ጆሮዬን በሩ ላይ አደርጋለሁ። ያ የእኔው ሳል ከውስጥ ካልተሰማኝ አንኳኳለሁ፣ ሮጣ ትከፍትልኛለች፣ እገባለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ደክሞኝ ስለነበር ሳላዳምጥ አንኳኳሁ፣ ሁለቴ፣ በቀለበቴ። ቀስ ብላ መጥታ ከበሩ ማዶ ቆመች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ሂክማዬ።»

ከኋላዋ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

«አባዬ ገብቷል» አለችኝ። «ነገ ይምጡ።»

ምን አደርጋለሁ፣ የራሴን ቤት በር ልስበር? ገበያውን አንድ ጊዜ ዞሬ፣ መስጊዱ ጥግ ትንሽ ተቀምጬ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቄ ተመልሼ መጣሁ።